የአማቴ ጉልበት የመረጠው መኪና

አሮጌዋ መኪናችን ዓመታዊ ምርመራዋን የወደቀችው በመጋቢት ነው። እዚህ ኤምኦቲ ይሉታል፤ እኛ ቤት ግን የአገር ቤቱ ስም ስላልለቀቀን ቦሎ ነው የምንለው። ስቶክዌል ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ቅስት ሥር የሚሠራው ፖርቹጋላዊ መካኒኬ መኪናዋን ወደ ላይ ሰቅሎ ሆዷን በባትሪ አሳየኝ። በጣቱ ነካ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ።

"ይበየዳል" አለኝ። "ዘንድሮ እዚህ ጋ እበይዳለሁ፣ ለከርሞ ደግሞ እዚያ ጋ። እስከ መቼ እንደምትቀጥል አንተ ታውቃለህ።"

እኔ የማውቀው መኪናዋን እንደምወዳት ብቻ ነበር። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፤ አሥራ አንዱን ከእኛ ጋር ኖራለች። ብርማ ቀለሟ ደብዝዟል፣ የሾፌሩ መስኮት ሲወርድ ያቃስታል፣ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትስልና በሁለተኛው ትነሳለች። ፍሬኗ ማለቁን ከመብራቱ በፊት በድምፅዋ አውቃለሁ። ሰው ቢጭራት ወርጄ "ግድ የለም፣ ሂድ" የምልባት መኪና ናት። ለንደን ውስጥ እንደዚህ ማለት መቻል ትንሽ ሀብት አይደለም።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ሥራዋ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ በአዘቦት ቀን መኪናዋን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ስለሆንኩ በባቡር ነው የምመላለሰው። እናም የመኪናዋ ፍቅር የእኔ፣ ጣጣዋ የባለቤቴ ነበር። ስለ ዝገቱ ስነግራት ዕቃ ያጠበችበትን እጇን እያደረቀች ሰማችኝና "በቃ፣ ሊዝ እናድርግ" አለች።

"ሊዝ ስትይ?"

"በየወሩ እየከፈልን ሦስት ዓመት አዲስ መኪና እንነዳለን። ከዚያ መልሰን እናስረክባለን።"

"ሦስት ዓመት የከፈልንበትን መኪና መልሰን እናስረክባለን?"

"ይሄ ቤትስ የማን ነው?" አለችኝ። "ስንት ዓመት ኪራይ ከፈልንበት። እንቅልፍ ነስቶህ ያውቃል?"

ቤት ሌላ፣ መኪና ሌላ አልኳት። መኪናችን ጎዳና ላይ የቆመችባቸውን ጠዋቶች መቁጠር ጀመረች። በዝናብ የቆመችበትን፣ ድልድይ ላይ የቆመችበትን፣ የአለቃዋን መኪና ከኋላ አስከትላ የቆመችበትን። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን በስንት ደቂቃና በምን እንዳስነሳኋት ነገርኳት። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ክርክሩ ያላለቀው ለዚህ ነው።

ከሶፋው ጥግ አማቴ ቀና አሉ። "ሊዝ አላችሁ?" አሉ። "መኪናም በሊዝ ሆነ? መሬቱ አልበቃ ብሎ?"

ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ከደሴ ሲመጡ የሚያውቁት ሊዝ የከተማ ቦታ የሚመሩበትን ነው።

"እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ? አንቱ እንዳሉ ይሁን።"

ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉኝ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እኛ ዘንድ መጥተው ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን "አንተ" ብለውኝ አያውቁም። አማች ይከበራል ብለው ነው ያደጉት። ከሥራ ገብቼ በሩ ሲከፈት ከተቀመጡበት ብድግ ለማለት እየታገሉ "ኖር" ይላሉ፤ እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ እሮጥና "በእግዜር፣ በእግዜር፣ ኧረ ይቀመጡ" እላለሁ። ጉልበታቸው ከሚችለው በላይ ነው የሚያከብሩኝ።

ያኔ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነበር። አማቴ ከቤት መውጣት ከተዉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዊልስደን ባለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በየወሩ የሚሰበሰብ የማርያም ማኅበር አላቸው። ድሮ ቀኑ ሲደርስ ከዋዜማው ጀምረው ነጠላ የሚያጥቡ ሰው፣ "ዛሬ ደከመኝ" ማለት ጀመሩ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ከዚያ ጥያቄውም ቀረ። ማኅበርተኞቹ ድርሻቸውን ዳቦ በፌስታል ጠቅልለው ይልኩላቸው ነበር። ሐኪሙ ከጉልበታቸው በቀር ምንም አላገኘባቸውም። ባለቤቴ እርጅና ነው ስትል እኔ ናፍቆት ነው እል ነበር። ሲመሽ በመስኮት አውቶቡሶቹን እየቆጠሩ ሲቀመጡ ማየት ለሁለታችንም ከባድ ነበር።

መኪና ለማየት በሄድንበት ቅዳሜ ይዘናቸው የወጣነው ባለቤቴ ድርቅ ብላ ነው። "ቁጭ ብለሽ ታይናለሽ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም" ብላ ለመነቻቸው።

አሮጌዋ መኪና ውስጥ መግባት ለእሳቸው ሥርዓት ነበረው። ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ የበሩን ጠርዝ ይይዛሉ፣ "በስመ አብ" ይሉና ይወድቃሉ። መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ መውደቅ ነው፣ መቀመጥ አይባልም። ሲወጡ ደግሞ እኔ ከፊታቸው ቆሜ ሁለት እጃቸውን ይዤ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብዬ እስባቸዋለሁ። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞሩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

የመኪና መሸጫው ቤት ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፤ ወለሉ ላይ ራስህን ታያለህ። የተቀበለን ሻጭ ግራጫ ጺም ያለው፣ የእኔ እኩያ የሚሆን፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ የለንደን ልጅ ነው። አማቴን ከሁሉ በፊት ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው፤ እሳቸውም በአማርኛ መረቁት፤ እሱም የገባው ይመስል ራሱን ዝቅ አደረገ።

ልመልከት ብቻ ብዬ ነበር የመጣሁት። ነገር ግን አንዲት ጥቁር፣ ረጅም፣ ወደ መሬት የተጠጋች መኪና ሳይ ልቤ ቀለጠ። መሪዋን ያዝኩ፤ የአዲስ ቆዳ ሽታዋን ሳብኩ። ባለቤቴ ከማዶ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ገብታ ቁልፍ በቁልፍ እየነካካች ነበር። ስንገናኝ እኔ ስለ ጥቁሯ፣ እሷ ስለ ትንሿ ማውራት ጀመርን። ለካስ ሳላውቀው ሊዝ የሚለውን ነገር ተቀብዬ መልኩ ላይ እየተከራከርኩ ነው። ሻጩ ወረቀቶቹን ዘርግቶ ሲያስረዳን ባለቤቴ ዞር አለችና "እማዬስ?" አለች።

ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከአዳራሹ ጥግ ማንም የማይቆምበት መኪና ነበር። ውሃ ሰማያዊ፣ ከፍ ያለ፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ዳቦ የሚታደልበት ሣጥን የሚመስል። በሩ ተከፍቷል። አማቴ መቀመጫው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ልንጠራቸው ስንል እግራቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ መሬቱን ነኩ፤ ተነሱ። ማንንም ሳይዙ። ቆመው መቀመጫውን ዞር ብለው አዩት። ደግመው ተቀመጡ። ደግመው ተነሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀመጡ ፈገግ ብለው ነበር፤ ማንም የሚያያቸው አልመሰላቸውም።

ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

ስንቀርባቸው ምግብ ሲቀምሱ እንደተያዙ ሰው ደነገጡ። "ምንም አይደል፣ ዝም ብዬ ነው" አሉ።

"እማዬ፣ ብቻሽን ወጣሽ እኮ" አለች ባለቤቴ።

"ወጣሁ። እንደ ወንበር ነው፤ አይጥልም።"

ባለቤቴ አጠገባቸው በርከክ አለች። "ማኅበር የቀረሽው ለዚህ ነው?"

አማቴ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወለሉን አዩ። "አማቼ በአደባባይ እንደ ጆንያ ሲጎትቱኝ ሰው ያያል" አሉ ቀስ ብለው። "የእሳቸውስ ወገብ? መኪናቸውን ይወዷታል። እንዴት ብዬ ልናገር?"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ጆሮዬ መጋሉን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሞተር ድምፅና ስለ ዝገት ስከራከር፣ እሳቸው አንድ ስንዝር ዝቅ ባለ መቀመጫ ምክንያት ቤት ውለዋል። እርጅናም አልነበረም፣ ናፍቆትም አልነበረም። ይሉኝታ ነበር።

ሻጩ ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገብቶታል። "እናቴም እንዲሁ ነበረች" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "መኪናን በመውጫው ነው የምትመርጠው እንጂ በመግቢያው አይደለም።"

ጥቁሯን መኪና ዞሬ አላየኋትም ብል ውሸት ነው። አንዴ ዞሬ አየኋት። ከዚያ ውሃ ሰማያዊውን ሣጥን ተከራየን። ባለቤቴ ስትፈርም ሻጩ በዓመት ስንት ማይል እንደምንነዳ ጠየቀ፤ በዛ ካለ ክፍያው ከፍ ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በእጄ ነበር። "እኛ የትም አንሄድም" አልኩት በኩራት። "ትንሹን አድርገው።" ትንሹ አምስት ሺህ ማይል ነበር።

አሮጌዋን መካኒኬ ወሰዳት። በይዶ ለሚስቱ ሰጣት፤ ቦሎውንም አለፈች። አንዳንድ ጠዋት መንገድ ላይ ሲያልፉ ስትስል እሰማታለሁ፤ ሴትዮዋም እጇን ታነሳልኛለች። ደስ ይለኛል። ጣቢያ ያሉ ባልደረቦቼ ግን አንድ እሑድ ፈረቃ ደርሶኝ በአዲሱ መኪና ስመጣ "ፖስታ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?" አሉኝ። ለአንድ ወር ያህል እሑድ እሑድ ከጣቢያው ሁለት መንገድ ርቄ አቆም ነበር።

ደግሞም የሰው መኪና ይዞ መኖር ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ስናስረክብ እያንዳንዱን ጭረት ያያሉ ስለተባልኩ የገበያ ጋሪ ካለበት ቦታ እሸሽ ነበር። መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። መኪናው ውስጥ ብስኩት እንዳይበላ አወጅኩ። ባለቤቴ ዝም ብላ ታየኝና "ድሮ እኔ ነበርኩ ስለ መኪና የምጨነቀው" ትለኝ ነበር። እሷ ግን በየጠዋቱ አንዴ ነክታ አስነስታ እየዘፈነች ትሄዳለች።

አዋጄ የፈረሰው በሰኔ ነው። አማቴ ወደ ማኅበራቸው ከተመለሱ በሦስተኛው ወር ተራው እሳቸው ላይ ወደቀ። ሁለት ቀን ከልጃቸው ጋር ሠሩ። ትልቁን የወጥ ድስት ከባለቤቴ ጋር ይዘን ስናወርደው ላብ አላበኝ፤ ከክብደቱ ይልቅ የመኪናውን የኋላ ግራጫ ምንጣፍ እያሰብኩ ነበር። የፕላስቲክ ትሪ ገዝቻለሁ። ድስቱን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፣ ግራና ቀኙን በውሃ ጠርሙስ ደገፍኩት። አማቴ ከፊት ተቀመጡ፤ ባለቤቴ ወደ ሥራዋ ስለሄደች ሁለታችን ብቻ ነን። ከስቶክዌል ተነስተን ድልድዩን ተሻግረን ደህና እየሄድን ሳለ አንድ ብስክሌተኛ ከፊቴ ገባ፤ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ "ግው" የሚል ድምፅ መጣ።

"አንተ ልጅ፣ ቀስ በል እንጂ!" አሉ አማቴ።

ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔም መሪዬን ይዤ ቀረሁ። ከኋላችን ያለው መኪና እስኪያስጮህብን ድረስ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

"ይቅር ይበሉኝ" አሉ። "አፌን አዳለጠኝ።"

"እማማ፣ እባክዎ ከዛሬ ጀምሮ እንደዚሁ ይበሉኝ" አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ሰባት ዓመት በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ ያህል የሚሰማኝ ነገር በዚያች አንዲት ቃል ሲለቀኝ ተሰማኝ። የገዛ እናቴ መኪና ውስጥ ብትሆን እንደዚያው ነበር የምትጮህብኝ።

እስከ ዊልስደን ድረስ በመስኮት አውቶቡስ እየቆጠሩ ሄዱ። አዳራሹ ደጃፍ ስናቆም በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ እንደ ቀላል ነገር "ወጡን ታወርድልኛለህ?" አሉኝ። ከብርድ ልብሱ ሥር አንዲት ቀይ የዘይት ጠብታ ምንጣፉ ላይ አገኘሁ። በሎሚም በሳሙናም ፈተግኳት፤ እስከ ዛሬ አለች። ትሪውን በላይዋ አስቀምጫለሁ።

ከዚያ በኋላ አማቴን የሚያቆም አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓመት ያላዩዋቸውን ሴቶች ሁሉ አገኙ፤ የወለደችውን፣ ቤት የቀየረችውን፣ ያዘነችውን ሰሙ። የቀረባቸውን ሁሉ ሊደርሱ ተነሱ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ሳንበላ ጫማቸውን አድርገው ይጠብቁኛል። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ አራስ ጠየቅን። ዊልስደን ለቅሶ ደረስን። በርሚንግሃም ሠርግ ሄድን፤ ያረፈደው ሙሽራ እስኪመጣ አማቴ አዳራሹን በግጥም ያዙት። በየቤቱ በር እኔን "ልጄ ነው" እያሉ ያስተዋውቁ ጀመር፤ አማቼ ነው ማለቱ ቀረ። እኔም የሰው ቤት መሄድ የምጠላ ይመስለኝ የነበረው ሰውዬ፣ ለካስ ጨዋታ እወዳለሁ። ሦስት ጓደኞች አፈራሁ፤ ሦስቱም እንደ እኔ አማታቸውን ወይም እናታቸውን ይዘው የሚዞሩ ናቸው።

በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት የመኪናውን የማይል ቆጣሪ አየሁ። ከአምስቱ ሺህ ማይል ሁለት መቶ እንኳ አልቀረም። ለባለቤቴ ነገርኳት። "እማዬ እንዳትሰማ" አለች ወዲያው። "ከሰማች ነገ ጀምራ ደከመኝ ትላለች።" ተስማማን። ለአማቴ ከመናገር ዝም ማለት የሚሻል መሰለን።

የዚያኑ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አማቴ ከፊት ተቀምጠው ድንገት "ልጄ፣ ስንት ቀረን?" አሉኝ።

"ለመድረስ? አሥር ደቂቃ።"

"ማይሉን ነው እንጂ።"

ዓይኔ ወደ ቆጣሪው ሄደ።

"ዊልስደን ደርሶ መልስ አሥራ ስድስት ነው" አሉ። "ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አራትም አይሞላ። የጨረሰብን በርሚንግሃም ነው፤ ሁለቴ መሄድ አልነበረብንም።"

"እማማ፣ ማን ነገረዎት?"

"ልጄ የፈረመች ዕለት ጠየቅኳታ። እኔ እኮ ሳልቆጥር የወጣሁበት ቀን የለም። ለቅሶውንና አራሱን በአንድ ቀን የማደርገው ለምን መሰለህ? መንገድ ላይ ያለውን ቤት አልፎ ሌላ ቀን መመለስ ምን ይባላል?"

ከኋላ የተቀመጠችው ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። በእርግጥም እነዚያን ወራት ሁሉ የሚያወጡት የጉብኝት ቅደም ተከተል ይገርመኝ ነበር፤ አንድም ቀን ወደ ኋላ ተመልሰን አናውቅም። ጣቢያችን ውስጥ መስመር የሚያወጡት ሰዎች ቢያዩዋቸው ይቀጥሯቸው ነበር።

"በቀረው ማኅበሬን እጨርሳለሁ" አሉ። "ሊድስ ያለው ክርስትና ይቅር። መልእክት እልካለሁ።"

ሊድስ ያለው ክርስትና የአብሮ አደጋቸው የልጅ ልጅ ነው። የደሴ ጓደኛቸውን ካዩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤቴ ሳቋን አቆመች።

"አይቀርም" አለች። "ሐሙስ ዕለት ደውዬ ማይሉን አስጨምሬያለሁ። በየወሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ምንም ብትሄጂ አያልቅም።"

"ምንም?" አሉ አማቴ።

"እንዲያው አገር ቤት ድረስ በመኪና ካልሽ ነው እንጂ።"

"እንግዲያስ ካርዲፍም አንዲት ዘመድ አለችኝ" አሉ።

ሊድስ የሄድነው በመስከረም መጨረሻ ነው። ማለዳ ተነሳን፤ ብርድ ልብሱን ከመቀመጫው አንስቼ አማቴ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው። አውራ ጎዳናው ላይ ዝናብ ያዘን፤ መጥረጊያው ያለ ድምፅ ይመላለሳል፤ እኔም አንዲት ጊዜ እንኳ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አላቀናሁም። ባለቤቴ ከኋላ ተኛች። አማቴ አብሮ አደጋቸው በልጅነቷ ምን ያህል ፈጣን ሯጭ እንደነበረች፣ ወንዝ ሲሞላ እሳቸውን አዝላ እንዳሻገረቻቸው ነገሩኝ። መክሰስ እንዲበላም ፈቀድኩ፤ ቆሎው በየስፌቱ ገባ።

አዳራሹ በር ስንደርስ ሕፃኗ ተጠምቃ ሰው እየገባ ነበር። መኪናውን ጥግ አስይዤ እንደ ልማዴ በሩን ልከፍት፣ እጄን ልዘረጋ ዞሬ መጣሁ። መቀመጫው ባዶ ነው። አማቴ ነጠላቸው በነፋስ እየተነሳ፣ ጃንጥላ ሳይዙ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው በሩ ጋ ደርሰዋል። አንዲት ነጭ የለበሱ አሮጊት ከውስጥ ወጡና ሁለቱ ተያዩ። ማንም ማንንም አላቀፈም መጀመሪያ፤ ዝም ብለው እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳሙ ተቃቅፈው ወደ ውስጥ ገቡ።

ባለቤቴ ዓይኗን እያሸች ከኋላ ወረደች። "የት ሄደች?" አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ከአዳራሹ ውስጥ እልልታ ተሰማ፤ መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከትለው። የመጀመሪያው የማን እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። መኪናውን ቆልፌ፣ በዝናቡ እየሮጥን ገባን።